ዓይን የሚያቃጥል ወተት በመድኃኒት ስም፦ ስለ ቁልቋልና ስለ ዘመዶቹ

የቤት ውስጥ ተክል ማሳደግ ፋሽን ከሆነ ሰንበትበት ብሏል። በስልካችን ላይ የሚያልፉት ፎቶዎች ምስክር ናቸው። መስኮት ዳር የተደረደሩ ትንንሽ እሾሃማ ተክሎች፣ ጥግ ላይ የቆመ ረጅም አረንጓዴ ዓምድ፣ ቅጠል የሌለው የእርሳስ ቅርጽ ያለው ቅርንጫፍ። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም «ካክተስ» ተብለው ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ግን ካክተስ አይደሉም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወገን ናቸው። በሳይንሱ ስማቸው ዩፎርቢያ ይባላሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። የእነዚሁ ተክሎች ነጭ ፈሳሽ የቆዳ ኪንታሮት ያጠፋል፣ የፊት ነጠብጣብ ያነሳል፣ ካንሰር ሳይቀር ያድናል ይላሉ። አንድ ሰው ቅጠል ቀንጥሶ ወተቱን ቆዳው ላይ ሲቀባ ይታያል። ከሥሩ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ተብሎ ይጻፋል።

ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። አንዱ ስለ ጌጥ ነው፣ ሌላው ስለ ሕክምና። ለእኔ ግን ችግሩ አንድ ነው። ተክሉን የሚገዛውም ወተቱን የሚቀባውም ያ ነጭ ፈሳሽ ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ፈሳሹ በጣም ኃይለኛ ኬሚካል ነው። ተመራማሪዎችን ለዓመታት የሳባቸው ይኸው ኃይሉ ነው። ቤት ውስጥ ተቆርጦ የሚቀባ መድኃኒት እንዳይሆን ያደረገውም ያው ኃይሉ ነው።

መጀመሪያ ወተቱ ራሱ። ተክሎች ውኃና ምግብ የሚያመላልሱባቸው ቱቦዎች አሏቸው። ላቴክስ የምንለው ነጭ ፈሳሽ ግን እዚያ ውስጥ አይደለም ያለው። ለብቻው የተዘረጋ ሌላ የቱቦ መረብ አለው። መረቡ ሁልጊዜ በግፊት የተሞላ ነው። ስለዚህ ግንዱ ሲጫር ወይም ቅጠሉ ሲቀነጠስ ፈሳሹ ወዲያው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ አንዳንዴም ይፈናጠራል። አየር ሲያገኘው ይረጋል፣ ይጣበቃል፣ የተክሉን ቁስል ይደፍናል። ነጭ ያደረጉት በውስጡ የተንሳፈፉት ጥቃቅን የጎማና የሙጫ ቅንጣቶች ናቸው። የዓለም የተፈጥሮ ጎማ በአብዛኛው የሚገኝበት የጎማ ዛፍም ከዩፎርቢያ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚመደበው።

ላቴክስ ያላቸው ተክሎች 20,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከ40 በላይ በሆኑ የተክል ቤተሰቦች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ይህ ማለት ወተቱን ከአንድ አያት አልወረሱትም። በተለያየ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ወገን ለብቻው ያበጀው መከላከያ ነው። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነጭ ነው፣ በውስጡ ያለው ግን ለየቅል ነው። የፓፓያና የበለስ ወተት ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት። የኦፒየም አበባ ወተት ሞርፊን አለው። ካሎትሮፒስ የሚባለውና ዘመዶቹ ልብን የሚያዛባ መርዝ ይዘዋል። ዩፎርቢያዎች ደግሞ ቆዳና ዓይን የሚለበልቡ ዳይተርፒን የተባሉ ውሁዶች አሏቸው። ስለዚህ «ወተት ያለው ተክል» ብሎ በጅምላ መናገር ለማንም አይጠቅምም። የአንዱ ወተት ያልጎዳው ሰው የሌላውን ደፍሮ ቢነካ ሊጎዳ ይችላል።

ይህ መከላከያ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ነፍሳትን መመልከት ይበቃል። ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ወተት ባላቸው የካሎትሮፒስ ዘመዶች ላይ ነው። ከእንቁላል የወጣው ትል የመጀመሪያውን ንክሻ ሲነክስ ወተቱ አፉ ላይ ይረጋበታል። ተጣብቆ የሚሞተው ብዙ ነው። የተረፉት ዘዴ አላቸው። ከመብላታቸው በፊት የቅጠሉን ሥር ይበጥሳሉ። ወተቱ እዚያው ፈስሶ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የቅጠል ክፍል ይደርቅላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህን የቅጠል ሥር ቆረጣ የሚያውቁ ነፍሳት ብዙ ዓይነት ናቸው። የሚደንቀው ደግሞ የሞናርክ ሰውነት መርዙንም ለምዷል። መርዙ የሚያጠቃው የሴል ፓምፕ በእሷ ውስጥ ቅርጹ በትንሹ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች እነዚህን ለውጦች የፍራፍሬ ዝንብ ላይ አስገብተው ዝንቧ መርዙን እንድትቋቋም አድርገዋል። ሦስት ትንንሽ የዘረመል ለውጦች በቂ ነበሩ። እኛ ግን ያ ለውጥ የለንም።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዩፎርቢያ ወተት ቆዳ ላይ ሲያርፍ አንዳንዱን ሰው ምንም አይለውም። ሌላውን ከሰዓታት በኋላ ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል፣ ውኃ ያስቋጥረዋል። ይህ መዘግየቱ ራሱ አደጋ አለው። ሰውየው «ምንም አላደረገኝም» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ዓይኑን ያሻል። ዓይን ውስጥ ሲገባ ታሪኩ ይለወጣል። መጀመሪያ ያቃጥላል። ከዚያ በየሰዓቱ እየባሰ ይሄዳል። የዓይን ሐኪሞች ደጋግመው የመዘገቡት አንድ ነገር አለ። በደንብ ታጥቦም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ሕመም ሊጨምር፣ ዕይታም ሊደበዝዝ ይችላል። ወተቱ የዓይንን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያን፣ ይልጠዋል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆም ያስቆጣል። በጊዜ ከታከመ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ችላ ከተባለ ግን ኢንፌክሽን ይገባበታል፣ ጠባሳ ይተዋል። ዓይናቸው እስከመጨረሻው የጠፋባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል።

ካሎትሮፒስ፣ አንዳንዶች ጦቢያው የሚሉት፣ ከዚህ ለየት ይላል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው ያን ያህል አይታመምም። ዕይታው ግን በድንገት ይደበዝዛል። ምክንያቱም ወተቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮርኒያን ጥርት አድርገው የሚያቆዩትን የውስጥ ሴሎች ይጎዳል፣ ሽፋኑም ውኃ አዝሎ ያብጣል። ሕመም ስለሌለ ሰው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ይዘገያል። የሚያምም ነገር ያስሮጣል፤ ይህኛው ግን አያስሮጥም።

ለዚህ ነው ዓይን ውስጥ ከገባ ምንም ሳይጠብቁ መታጠብ የሚያስፈልገው። ኮንታክት ሌንስ (በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ የሚደረገው) ካለ ይወልቅ። ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ሥር ዓይን ተከፍቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ቢሻለውም ባይሻለውም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የተክሉን ፎቶ መያዝ ሐኪሙን ይረዳዋል፤ የትኛው ወተት እንደሆነ ካወቀ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውንም የዓይን ጠብታ፣ በተለይ ስቴሮይድ ያለበትን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጨመር አይገባም።

ከሩቅ ያለ ምሳሌ ልጥቀስ፤ የዩፎርቢያ ቤተሰብ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። በካሪቢያን ባሕር ዳርቻዎች ማንቺኒል የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ ፖም ይመስላል። በዝናብ ጊዜ ከሥሩ የተጠለለ ሰው ከቅጠሉ በሚንጠባጠበው ውኃ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። እንጨቱ ሲነድ ጭሱ ዓይን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶቤጎ ደሴት ለዕረፍት የሄደች አንዲት ብሪታኒያዊት ሐኪም ከወደቁት ፍሬዎች አንዱን ነክሳ ቀመሰች። መጀመሪያ ጣፋጭ ነበር። ቀጥሎ አፏ ተለበለበ፣ ጉሮሮዋ ተጨምቆ መዋጥ አቃታት። ሕመሙ ቀለል ያለላት ከስምንት ሰዓት በኋላ ነበር። ያጋጠማትን በሚቀጥለው ዓመት በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈችው። ጽሑፉ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ፍሬው ጣፋጭ መሆኑ ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ያሳያልና።

በአንጻሩ ያለ ጥፋቱ የተወነጀለም አለ። ፖይንሴቲያ፣ ያቺ ቀይ ቅጠል ያላት የገና አበባ፣ ዩፎርቢያ ናት። «ገዳይ ናት» የሚለው ወሬ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1919 በሃዋይ አንድ ሕፃን ቅጠሏን በልቶ ሞተ ከተባለ በኋላ ነው። ያ ነገር ፈጽሞ አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት የደረሱ 22,793 የፖይንሴቲያ ጉዳዮችን መረመረ። አንድም ሞት አልተገኘም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምንም ምልክት አላሳዩም። ወተቷ ቆዳ ሊያሳክክ፣ ሆድ ሊያምስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም። ይህን የምጠቅሰው ስለ እውነቱ ብዬ ብቻ አይደለም። በሐሰት ያስፈራራነው ሰው በእውነት ስናስጠነቅቀው አይሰማንም።

ወደ ቪዲዮዎቹ እንመለስ። እውነት ለመናገር ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ዩፎርቢያ ፔፕለስ የምትባል ትንሽ አረም አለች። በብዙ አገር አትክልት ቦታ ውስጥ ሳይዘሯት ትበቅላለች። አውስትራሊያ ውስጥ ሰዎች ወተቷን ፀሐይ በጎዳው ቆዳቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ኖረዋል። «የራዲየም አረም» እስከመባል ደርሳለች። ተመራማሪዎች ይህን ሰምተው መረመሯት። በወተቷ ውስጥ ኢንጀኖል ሜቡቴት የተባለ ውሁድ አገኙ። ውሁዱ የታመሙ ሴሎችን ይገድላል፣ የሰውነትን ተከላካይም ወደ ቦታው ይጠራል። ከዚያ የዓመታት ምርምር ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፒካቶ በሚል ስም ጄል ሆኖ በአሜሪካና በአውሮፓ ፈቃድ አገኘ። የሚታዘዘው አክቲኒክ ኬራቶሲስ ለሚባል፣ ፀሐይ ለሚያወጣው ሻካራ የቆዳ ነጠብጣብ ነበር። ይህ ነጠብጣብ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል።

መጠኑን ልብ ይበሉ። ለፊት የሚታዘዘው ጄል ውስጥ የነበረው ውሁድ 0.015 በመቶ ብቻ ነው። የሚቀባው ለሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከመዳፍ ባነሰች ቦታ ላይ። ከዚያ በቃ። እንዲህ ተለክቶም ቆዳውን ያቀላው፣ ያስቆጣው፣ ያሳብጠው ነበር። አረሟን ቀንጥሶ የሚቀባ ሰው ግን ስንት እንደቀባ በምን ያውቃል? የወተቱ ጥንካሬ ከተክል ተክል ይለያያል። ወተቱ ውስጥ ደግሞ ይህ አንድ ውሁድ ብቻ አይደለም ያለው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ፒካቶ ከተቀቡ ሰዎች መካከል ከጊዜ በኋላ በዚያው ቦታ የቆዳ ካንሰር የሚወጣባቸው መታየት ጀመሩ። 484 ሕሙማን ለሦስት ዓመት የተከታተለ ጥናት ፒካቶን ኢሚኩሞድ ከተባለ ሌላ ቅባት ጋር አነጻጸረ። ፒካቶ በተቀቡት 3.3 በመቶ፣ በሌላው ቅባት ደግሞ 0.4 በመቶ ላይ የቆዳ ካንሰር ታየ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አጠቃቀሙ እንዲቆም አደረገ። በየካቲት የአውሮፓ ፈቃዱ በአምራቹ ጥያቄ ተሰረዘ። ተቆጣጣሪው በኋላ ግምገማውን ሲጨርስ መድኃኒቱ የቆዳ ካንሰር አደጋ ሊጨምር እንደሚችልና ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ገለጸ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የታሪኩ ግማሽ ቪዲዮዎቹ ውስጥ አለመኖሩ ነው። «ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» የሚለው ይነገራል፤ «ከዚያም አስቆሙት» የሚለው ይቀራል። ንጹሕ ተደርጎ፣ ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል የተሰጠው ውሁድ ይህን ካስከተለ፣ ከጓሮ ተቀንጥሶ በየቀኑ የሚቀባው ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያረጋግጥልን አይችልም።

ነገሩ በባለሙያዎች ዘንድ ያልተጠበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ የክሮተን ዘይት አይጦች ላይ ሲሞከር አንድ ነገር ታይቶ ነበር። ዘይቱ ብቻውን ካንሰር የማስጀመር ኃይሉ እምብዛም ነው። ነገር ግን ትንሽ ካንሰር አምጪ ኬሚካል የነካው ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲቀባ ዕጢው ይበዛል። ማለትም ሌላ ነገር የጀመረውን ያፋጥናል። በኋላ ምክንያቱ ታወቀ። በዘይቱ ውስጥ ያሉት ፎርቦል የሚባሉ ውሁዶች በሴል ውስጥ ያለን ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለ ማብሪያ ይጫናሉ፤ ሴሉ እንዲቆጣና እንዲባዛ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ፀሐይ ለዓመታት የጎዳው ቆዳ ደግሞ ጅምሩ ቀድሞውኑ አለው። የፊታቸውን ነጠብጣብ በወተት ለማንሳት የሚሞክሩት በትክክል እንዲህ ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ስለ እሱ ብዙ አይወራም። ወተቱ ነጠብጣቡን ከላይ ሊልጠው ይችላል። ቆዳው ይድናል፣ ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ነጠብጣቡ ካንሰር ከነበረ ግን ሥሩ ከአዲሱ ቆዳ ሥር ሊቀጥል ይችላል። ሐኪም ናሙና ወስዶ የሚያየው ነገርም አይኖርም። በተለይ ጥቁር፣ መልኩን የሚለዋውጥ፣ የሚደማ ነጠብጣብ ላይ ይህ ውድ ጊዜ ያስበላል።

እንዲህ ስል ከእነዚህ ተክሎች መድኃኒት አይገኝም ማለቴ አይደለም። በተቃራኒው ብዙ ተስፋ አለኝ። ከሞሮኮ ተራሮች የሆነችው ዩፎርቢያ ሬዚኒፌራ ሬዚኒፌራቶክሲን የሚባል ውሁድ ትሰጣለች። በርበሬን የሚያቃጥል ከሚያደርገው ካፕሳይሲን አንድ ሺህ ጊዜ ገደማ ይበረታል። ሁለቱም የሚይዙት አንድ መቀበያ ነው፤ ሙቀትን ለነርቭ የሚነግረው። ይህ መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተለየ፣ ዴቪድ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚህ ዘርፍ ሥራው ነው። ሬዚኒፌራቶክሲን የሕመም ነርቮችን ከልክ በላይ ቀስቅሶ ዝም ያሰኛቸዋል። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ያላስታገሰው የካንሰር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል። የሚሰጠው ግን በማደንዘዣ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በኢምንት መጠን በመርፌ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ጫካ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነ አንድ ዛፍ ፍሬ ውስጥ ቲጊላኖል ቲግሌት የሚባል ውሁድ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 ለውሾች የቆዳ ዕጢ ሕክምና በአውሮፓም በአሜሪካም ተፈቀደ። ለፈቃዱ በቀረበው ጥናት ከታከሙት ውሾች 75 በመቶ ላይ ዕጢው በ28 ቀን ውስጥ ጠፍቷል። መርፌው ቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይሰጣል። ውሻው አስቀድሞ ሌሎች መድኃኒቶች ይወስዳል፣ የእንስሳት ሐኪሙም ጓንትና የዓይን መከላከያ ያደርጋል። ተመልከቱ፤ የሰለጠነ ባለሙያ እንኳ መነጽር አድርጎ ነው የሚነካው።

ቤታችሁ ያለው ካክተስ ይሁን ዩፎርቢያ ለመለየት እሾሁን ተመልከቱ። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ከትንሽ ጥጥ መሰል ነጥብ ላይ በእቅፍ ሆኖ ነው። የብዙ ዩፎርቢያዎች እሾህ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከግንዱ ጠርዝ በቀጥታ ይወጣል። ቅንጭብማ እሾህም የለው። ጥርጣሬ ካለ እንደ ዩፎርቢያ ቁጠሩት። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ። መነጽር ከጓንቱም ይበልጣል። ከፊት ከፍ ያለ ቅርንጫፍ በጭራሽ አትቁረጡ፤ ወተቱ የሚወርደው ወደ ፊታችሁ ነው። ቆዳ ላይ ከነካ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ በውኃ ብቻ ቶሎ አይለቅም። መቀሱንም እጠቡ፤ የደረቀው ወተትም ያስቆጣል። ልጅ ወይም እንስሳ ቢያኝከው አፉን አጥቡና ሐኪም ጠይቁ፤ ለማስመለስ አትሞክሩ። የተቆረጠውንም አታቃጥሉት።

ተክሉን ከቤት አውጡ አልልም። ውብ ነው፣ ብዙ ውኃ አይፈልግም፣ ካልተቆረጠ ማንንም አይነካም። የሚያስፈልገው ሻጩ ማስቀመጫው ላይ የሚለጥፋት አንዲት ወረቀት ናት፤ ትክክለኛ ስሙና «ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ሲቆረጥ መነጽር ይደረግ» የሚል አንድ መስመር ያለባት። የቪዲዮ መድረኮችም እንዲሁ። ቆዳ ላይ ወተት ሲቀባ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲለጠፍ የፒካቶን ሁለተኛ ግማሽ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ከሥሩ ማያያዝ ለእነሱ የሰከንዶች ሥራ ነው።